የክረምቱ በሽታ በልብስ ስፌት ውስጥ

በአሰላና በዙሪያዋ በሚገኙት የአርሲ ደጋ ወረዳዎች በክረምት የታመመ ሰው የሕመሙ መነሻ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ብርድ መታኝ» የሚል ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ አናቱ ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በጭላሎ ተራራ ግርጌ ለተቆረቆረች ከተማ መልሱ የሚያስገርም አይደለም፤ ሆኖም ብርድ ለብቻው ትኩሳት የሚያመጣ ተሐዋሲ አይፈጥርም። ብርዱ ሰውን ወደ አንድ ዓይነት አኗኗር ይገፋል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ቤተሰብ ተጠጋግቶ ይተኛል፣ ልብስ በልብስ ላይ ይደረባል፣ የታጠበው ስለማይደርቅም የዋሉበትን ሳያወልቁ ማደር ይለመዳል። የደጋው የክረምት ሕመም መፈለግ ያለበት በዚህ አኗኗር ውስጥ ነው።

በተዘጋ ቤት የኩበትና የባሕር ዛፍ ጭስ ሲተነፍሱ የሚያድሩ ሕፃናትን የሚያጠቃው የሳንባ ምች፣ ጎርፍ የምንጩን ውሃ ሲበክለው የሚከተሉት ተቅማጥና ታይፎይድ በጤና ትምህርት ተደጋግመው ይነሳሉ፤ ውሃን አፍልቶ መጠጣት፣ እጅን በሳሙና መታጠብና ቤትን ማናፈስ የሚሉት ምክሮችም ለብዙ ሰው አዲስ አይደሉም። ስሙ እምብዛም የማይነሳው ትኩሳት ግርሻ ነው።

ትኩሳት ግርሻ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ በተባለ፣ እንደ ከረረ ክር በተጠማዘዘ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ስያሜው ጠባዩን ይናገራል፦ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ለጥቂት ቀናት ይቆዩና በድንገት ይለቃሉ፤ በሽተኛው ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ትኩሳቱ ያገረሻል። በአንዳንዱ ላይ ነስርና የዓይን ቢጫ መሆን ይታያል፤ ሕክምና ካልተገኘለትም ይገድላል። አሰላ በዚህ በሽታ የጥናት ታሪክ ውስጥ ስሟ የሰፈረ ከተማ ናት፤ በአሰላ ሆስፒታል የታከሙ 389 የግርሻ ሕሙማንን የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ የሐሩር ክልል ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ በሽታው ሲገኝ፣ በዚያ ያሉ ሐኪሞች ለብዙ አሥርት ዓመታት ያላዩትን ሕመም እንደ አዲስ ለማጥናት ተገድደዋል።

በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው የሰውነት ቅማል ነው። ከራስ ቅማል የሚለየው በመኖሪያው ነው፤ በሸሚዝ አንገትጌ፣ በብብት ስፌትና በሱሪ ወገብ እጥፋት ተሸሽጎ ይውላል፣ ቅጫሙን ማለትም እንቁላሉን በክሩ ላይ ያጣብቃል፣ ወደ ቆዳ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ገላውን ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ የለበሰ ሰው ከቅማሉ አልተላቀቀም። ባክቴሪያው በዋናነት የሚተላለፈው ቅማሉ ተጨፍልቆ ከአካሉ የሚወጣው ፈሳሽ በታከከ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ ስስ ሽፋን በኩል ሲገባ ነው፤ በመሆኑም ቅማልን በሁለት አውራ ጣቶች ጥፍር መካከል አድርጎ መግደልና በዚያው ጣት ዓይንን ማሸት፣ ምንም እንኳ የጽዳት ሥራ ቢመስልም፣ ለበሽታው በር ይከፍታል። በዚህ ላይ ቅማል ከልክ ያለፈ የሰውነት ሙቀት አይስማማውም፤ በትኩሳት የሚነደውን ሰው ትቶ አጠገቡ ወደተኛው ይሻገራል። በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ሦስትና አራት ሆነው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ተከታትለው መውደቃቸው ከዚህ የሚመጣ ነው።

«ቅማላም» የሚለው ቃል በአማርኛ ስድብ መሆኑ ብዙ ሰው አስጎድቷል፤ ሕመምተኛው ቅማል እንዳለበት ከመናገር ይልቅ «ብርድ ነው» ማለትን ይመርጣልና። እውነቱ ግን በነሐሴ ደመና ሥር አንድ ቅያሪ ልብስ ብቻ ያለው ሰው የቱንም ያህል ንጽሕና ወዳድ ቢሆን ቅማልን መከላከል ይቸግረዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የግል ንጽሕናን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጎ መያዙ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ልብስ ቀይር የሚል ምክር የሚቀየረው ልብስ ለሌለው ሰው ምክር ሊሆን አይችልም።

ሌላው ችግር የምርመራ ነው። በመስከረም ከመተሐራ ወይም ከዝዋይ አካባቢ ሥራ ወደ ደጋው የሚመለሰው ሰው ወባ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ትኩሳት ያለበት ሁሉ በቅድሚያ በፈጣን የወባ መመርመሪያ መታየቱ ትክክል ነው። ይህ መመርመሪያ ግን የግርሻን ባክቴሪያ አያሳይም፤ ባክቴሪያው የሚታየው በትኩሳቱ ወቅት የተወሰደ ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ሲፈለግ ነው። ወባ የለህም የተባለ ሰው እንግዲያውስ ታይፎይድ ነው ተብሎ ያለ ሌላ ምርመራ ሲሸኝ ግርሻው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በሽታው ከታወቀ እንደ ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ባሉ የተለመዱ መድኃኒቶች ይድናል። ሆኖም ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ ሲያልቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ ማንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል፣ በሽተኛው መድኃኒቱን እንደወሰደ ወደ ቤት መላክ የለበትም፤ በጤና ተቋሙ ቆይቶ ክትትል ሊደረግለት ይገባል።

ቻርልስ ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ፣ ታይፈስ የተባለውን ሌላውን የቅማል በሽታ ሲያጠና ያስተዋለው ነገር ለአሰላም ይጠቅማል፦ ሕሙማኑ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ሳሉ ሌሎችን ያስይዙ ነበር፤ ልብሳቸውን አስረክበው፣ ታጥበውና የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ከገቡ በኋላ ግን ማንንም አላስያዙም። በሽታው የቀረው በር ላይ ከወለቀው ልብስ ጋር ነበር። የዛሬው የግርሻ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ድኖ የሚወጣው በገባበት ሸሚዝ ነው። ሸሚዙ፣ ጋቢውና ብርድ ልብሱ በፈላ ውሃ መቀቀል፣ ስፌቱ በጋለ ካውያ መተኮስ፣ ይህ ካልሆነ በፌስታል ታስሮ ሁለት ሳምንት ያህል ማንም ሳይለብሰው መቀመጥ አለበት፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ሰውየው የሚለብሰው ሌላ ልብስ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ሊሰጠው ይገባል።