ቤት ይሠራል፤ የተረበሸው ሰውስ? የሰሜን ሸዋ ደጋ የጦርነት ቁስልና የጀመዓው ድርሻ

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል ነፍሱን ይዞ ያመለጠው ነዋሪ ገሚሱ ሽቅብ ወደ መንዝ፣ ገሚሱ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 2014፣ ጦርነቱ ራሱ ወደ ደጋው ወጣ፤ ሞላሌ፣ መዘዞና ደብረ ሲና የውጊያ ቀጠና ሆኑ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የቀጠለው ውጊያ ከመንዝና ከግሼ እስከ መርሐቤቴ ያለውን ሕዝብ እንቅልፍ ነስቶታል።

እርዳታ ሲመጣ ዱቄቱ በኪሎ፣ ቆርቆሮው በቁጥር ይመዘገባል። የተቃጠለ ቤትም ውሎ አድሮ ይሠራል። ሌሊት እየባነነ የሚጮኸው፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚበረግገው፣ ከሶላት ሰፍ ጠፍቶ ቤቱ የተከተተው ወንድማችንስ በየትኛው መዝገብ ሰፈረ? በመንዝ ደጋ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው፤ ቁልቁል በቀወትና በኤፍራታና ግድም ግን ብዙ ነን። ገበያውም ለቅሶውም የጋራ ስለሆነ ጉዳዩን የእኛና የእነሱ ብለን የምንከፍለው አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት መሠረት፣ ግጭት በጎዳቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ 100 ሰዎች 22ቱ የአእምሮ ጤና ችግር አለባቸው። ከእነዚህ 13ቱ ቀለል ያለ፣ 4ቱ መካከለኛ፣ 5ቱ ከባድ የሚባል ነው። እኛን የሳበን አከፋፈሉ ነው። አብዛኛው ተጎጂ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያዳምጠው ሰው፣ እንቅልፍና ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ ነው። አምስቱ ግን ያለ ሐኪምና ያለ መድኃኒት አይሆንላቸውም።

በየቤታችን የሚታየው ግልባጩ ነው። ሐዘን ያጎበጠውን «ሰብር አድርግ፣ ቀደር ነው» ብለን በሦስተኛው ቀን ከተዕዚያ እንበተናለን። ሰብር ትልቅ ዒባዳ ነው፤ ብቻውን በተተወ ሰው ላይ ሲጫን ግን አፍ ማስያዣ ይሆናል። ከባድ ሕመም ያለበትን ደግሞ ቤት ውስጥ አስረን «ጂን ነው» እንላለን። ባሏ የሞተባት እህት ዒዳዋ 4 ወር ከ10 ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጀመዓው ሴቶች ተራ ገብተው ቢጠይቋት፣ ቡናውን አፍልተው ቢያጫውቷት፣ ከዚህ የተሻለ የሐዘን እንክብካቤ ማን ያመጣል? የተደፈረችውማ ለማንም አትናገርም፤ ምስጢር የምትጠብቅ አንዲት ኡስታዛ በሰፈሩ መኖሯ ለእሷ ከማንኛውም ቢሮ ይቀርባታል።

ሩቅያ ይቅር አንልም። ቁርኣን ሺፋእ መሆኑን እናምናለን፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል። ሁለቱን ያጣላነው እኛ ነን። ኑረዲን ዘንጊ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ ያሠራው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንንም ይቀበል ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ934 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ጽፏል። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም የምንማረው አለ። አቡነ ጳውሎስ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። በእንጦጦም የአእምሮ ሐኪሞች ከጠበሉ አገልጋዮች ጋር ተባብረው ሠርተዋል። በእኛ በኩል ሩቅያ የሚቀራ ኡስታዝ ታማሚውን «መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ» ቢለው ከሐኪሙ ምክር በላይ ይሰማዋል። በአንጻሩ «መርፌውን ተው» ያለው ቀን ሕመሙ ይመለሳል፤ ዳፋው ለቤተሰቡ ነው።

ስለ ጫት ዝም ብለን ካለፍን ነገሩ ሁሉ ግማሽ ይቀራል። የቁም ሕልሙን ለመርሳት የሚቅም ወጣት ምርቃናው ሲያይልበት እንቅልፍ ያጣል፤ ያንን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ ወደ አረቄ ይሄዳል፤ ሲተወውም ዱካክ ያስጨንቀዋል። ከእናቱ ቤት አንድም ቀን መጠጥ ያልቀመሰ የሙስሊም ልጅ መጠጥ ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚህ በር ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፤ ጫት ግን ሕጋዊ ሸቀጥ ነው፣ በአንዳንድ የዱዓ መጅሊስም ይቀርባል። በሱስ የተያዘውን ከሚንበር ላይ መዝለፍ ደግሞ ከመስጂድ ያርቀዋል። ኸምር እንኳ ሐራም የተደረገው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ እንደነበር ዱዓቶቻችን ያውቁታል።

ሕክምናው የት ይገኛል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። አማኑኤል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ሰው ይሸሸዋል። ከመሐል ሜዳ የሚነሳ ታማሚ በሞላሌና በጣርማበር አድርጎ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዓለም ከተማ የሚመጣው የጀማን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮ ያልፋል። ስለዚህ መፍትሔው ቅርብ መሆን አለበት፤ መቅረብ እንደሚችልም በአገራችን ታይቷል። ቡታጅራ አጠገብ በምትገኘው ሶዶ ወረዳ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ፣ በሰለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ታክመው ውጤታቸው በሆስፒታል ከሚታከሙት ያነሰ አልሆነም። ከአካባቢው የተመለመሉ ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየሄዱ ቤተሰቡን ይደግፉ ነበር። በዚምባብዌ ደግሞ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሰለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ፤ ሲጀመር 14 ነበሩ። ጓሳን ያህል ሣር ለዘመናት በማኅበር ጠብቆ የኖረ የመንዝ ሕዝብ ለዚህ የሚሆን አደረጃጀት ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገውም።

መጅሊሱና የመስጂድ ኮሚቴዎች ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግረው ኢማሞችንና ሩቅያ የሚቀሩትን ማሠልጠን ይችላሉ፤ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ረመዷን ከመግባቱ በፊትም ታማሚው ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ይዛወር እንደሆነ፣ መጾሙም ይፈቀድለት እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ለምሳሌ ሊትየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሲጠማው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። ዘካ ከሚገባቸው ሰዎች ውስጥ ድሃውና ሚስኪኑ ቀዳሚ ናቸው፤ በሕመሙ ምክንያት ሥራ ያቆመ የቤተሰብ ኃላፊም ከእነሱ አንዱ ነው። የእሱና የአስታማሚው የደብረ ብርሃን መሳፈሪያ ከዘካው ይሸፈን፤ የመርፌው ቀንም የመስጂዱ ጸሐፊ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ የቀረ እንደሆነ በማግስቱ ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው እንዲኖር።