ማኅተሙ ሲቀየር ባለጉዳዩ የት ይሂድ?

ግልጽ ደብዳቤ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የአስፈጻሚ አካላትን አዋጅ ለምታረቅቁና ለምታጸድቁ ሁሉ



ይህን ደብዳቤ የሚያጽፈኝ አንድ ፎልደር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አዛውንት አሉ። በደርግ ዘመን በአንድ አውራጃ የኪነት ቡድን ውስጥ ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር፤ ያውም በደመወዝ። ኪነቱ ሲበተን ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ተቀጥረው ሠሩ፣ ከዚያው ጡረታ ወጡ። ማሲንቆ የተጫወቱበት ሰባት ዓመት ግን ከአገልግሎት ዘመናቸው ጎደለ። «ማስረጃ ያምጡ» ተባሉ። ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ውክልና ሰጥተውኝ እኔ ሄድኩ።

የሄድኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠቅስም። ነገሩ የአንድ ቢሮ ጥፋት አይደለምና።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ትሑት ልጅ ናት። ከቁምሳጥኑ ጀርባ መሬት ላይ ከተከመረው ውስጥ ስትፈልግ ቆይታ፣ አቧራውን በእጇ እየጠረገች አንድ ፎልደር አመጣችልኝ። ሽፋኑ ላይ በማተሚያ ቤት የታተመ የመሥሪያ ቤት ስም አለ፤ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ከሥሩ በእጅ ሌላ ስም ተጽፏል፤ እሱም ተሰርዟል። ከላዩ ሦስተኛ ስም የያዘ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፤ ሙጫው ደርቆ አንዱ ጠርዝ ተገንጥሏል። ውስጡ የኪነት ቡድን አባላት የደመወዝ ዝርዝር አለ፤ ገጽ 2። ገጽ 1 የለም። የጋሼ ስም በፊደል ተራ ቢሆን ገጽ 1 ላይ ነበር የሚውለው።

«ያኔ የነበረው መሥሪያ ቤት እኛ አይደለንም እኮ። እስቲ የቀድሞውን ይጠይቁ» አለችኝ።

ልጅቷ አልዋሸችም። ግን የቀድሞው የት ነው?

እስቲ አብረን እንቁጠር። በደርግ ዘመን ባህልና ስፖርት በአንድ ሚኒስቴር ስም ሥር ነበሩ። በአዋጅ ቁጥር 4/1987 ባህል ከማስታወቂያ ጋር ተጣምሮ ማስታወቂያና ባህል ሚኒስቴር ተባለ። በአዋጅ ቁጥር 256/1994 ከማስታወቂያ ተፋቶ ወጣቶች፣ ስፖርትና ባህል ሚኒስቴር ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 471/1998 እንደገና ተለያዩ፤ ባህል ከቱሪዝም ጋር ሄደ፣ ስፖርት ከወጣቶች ጋር ቀረ። በ2003 ወጣቶች ወደ ሴቶችና ሕፃናት ሲዛወሩ ስፖርት ብቻውን ኮሚሽን ሆነ። በ2008 ከወጣቶች ጋር ተመልሶ ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ዳግመኛ ኮሚሽን። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ቱሪዝም የራሱን ሚኒስቴር ይዞ ሲወጣ፣ ባህልና ስፖርት እንደገና አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ዞረን ዞረን ደርግ ዘመን የነበረው ስም ደጃፍ ላይ ደረስን።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእናንተን ስም ግን የሚያወጣው ነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ እሱም በየአራት በየአምስት ዓመቱ።

መልሶ ማደራጀት በራሱ ነውር ነው አልልም። ባህልና ስፖርት አብረው መሆናቸው እንዲያውም ደስ ይለኛል። የገና ጨዋታ ባህል ነው ወይስ ስፖርት? ጉግስስ? ትግልስ? በ1998 ሁለቱ ሲለያዩ የገና ጨዋታ ፋይል በየትኛው መኪና ተጭኖ ሄደ? ይህን የምጠይቀው ለቀልድ አይደለም። ሠራተኛው ወንበሩን ይዞ ይዛወራል፣ መኪናው በሰሌዳ ቁጥሩ ተመዝግቦ ይዛወራል። የመሥሪያ ቤቱን ትዝታ ግን ቆጥሮ የሚያስረክብ፣ ፈርሞም የሚረከብ ሰው የለም።

ጉዳቱ ጋሼ ላይ ብቻ ቢቆም ባልጻፍኩ ነበር። በ1954 አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳን ሕዝብ ነን። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014፣ ያንኑ የግብፅ ቡድን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው በወረቀት «በሜዳችን» ነበር፤ የተደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የካፍን መስፈርት የሚያሟላ አንድም ስታዲየም አልነበረንም። «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ዜጋ ማንን ይጠይቅ? የ2003ቱን ኮሚሽን ነው? የ2008ቱን ሚኒስቴር? የ2011ዱን ኮሚሽን? ወይስ የ2014ቱን ሚኒስቴር? በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተቋም ከተቀየረ፣ እያንዳንዱ «እኔ ስመጣ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት» የማለት መብት ያገኛል። ሁሉም እውነቱን ይናገራል፤ ተጠያቂ ግን ይጠፋል።

ክቡራን ሆይ፣ ሕጉ እንኳ እንዲህ አይልም። የአስፈጻሚ አካላት አዋጆቻችን የቀድሞው መሥሪያ ቤት መብትና ግዴታ ለአዲሱ እንደሚተላለፍ ይደነግጋሉ። መብት ብቻ አላሉም፤ ግዴታም ብለዋል። አባቱ ሲሞት ቤቱን ወርሶ ዕዳውን «አባቴን ጠይቁ» የሚል ልጅ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሕንፃውን፣ በጀቱንና ስሙን የወረሰ መሥሪያ ቤት የጋሼን ሰባት ዓመትም ወርሷል።

የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅም ከወጣ ቆይቷል፤ ቁጥር 179/1991። ሕግ አላጣንም። ያጣነው የርክክብ ቀን ቆሞ የሚቆጥር ሰው ነው።

የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ሕንፃ የማያስገነቡ፣ ብድር የማያስፈልጋቸው።

አንደኛ፣ የራሳችሁን ታሪክ ጻፉ። ለምርቃት በዓል የሚታተም የሚያብረቀርቅ መጽሔት አይደለም የምለው። በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው አዋጅ፣ የትኛው ክፍል ከማን ወደ ማን እንደሄደና ሰነዱ ዛሬ የት እንዳለ የሚያሳይ አጭር ጽሑፍ ይበቃል። በራችሁ ላይ ለጥፉት። ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የሚያጠፋውን ቀን ያድንለታል።

ሁለተኛ፣ «የቀድሞው» የሚባለውን የሚወክል አንድ ጠረጴዛ ይኑር። እዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ «እኛ አይደለንም» ማለት የማይፈቀድለት ይሁን። የደመወዝ ዝርዝሩ ቢጠፋ እንኳ በሕይወት ያሉ የሥራ ባልደረቦችን ቃል ተቀብሎ ለሚመለከተው አካል የሚጽፍ ይሁን። ምስክሮቹ እያረጁ ነው። ጋሼ ከቡድናቸው የሚያውቋቸው በሕይወት ያሉ ሰዎች ሁለት ብቻ ቀርተዋል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለአርቃቂዎቹና ለአጽዳቂዎቹ ነው። ቀጣዩ አዋጅ መምጣቱ አይቀርም፤ ልማዳችንን እናውቀዋለን። ሲመጣ ግን አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፦ ሰነድ ተቆጥሮ፣ አስረካቢና ተረካቢ ፈርመው፣ ግልባጩ ለቤተ መዛግብት ሳይደርስ አዲስ ማኅተም አይቀረጽም የሚል። ማኅተም ቀራጩ አንድ ሳምንት ቢጠብቅ አገር አይጎዳም።

ያን ቀን ባዶ እጄን ስመለስ ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ስሞቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «አሁን ማን ነው የሚባለው?» አሉ።

«ባህልና ስፖርት ሚኒስቴር» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ታዲያ እኮ እሱ ነው የቀጠረኝ!» አሉ።

እሳቸው አምነዋችኋል። እኔ ለማስተባበል ድፍረት አጣሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋሼ ወኪል