ከሴራሚኩ ጀርባ ያለው ጉድ

የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በቂርቆስ የግንባታው ቋንቋ «ቶሎ ይለቅ» ሆኗል። በጥድፊያ ቀድሞ የሚዘለለው ደግሞ ማንም የማያየው ሥራ ነው፦ ጂፕሰም ልስን ላይ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት የሚቀባው ፕራይመር።

«ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም! ያልተቀባ ልስን የማጣበቂያውን ውሃ ይመጠዋል፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል። ይባስ ብሎ እርጥበት ሲገባ የጂፕሰሙ ሰልፌት ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ያብጣል፤ ሴራሚኩን ከግድግዳው ገፍቶ ያስለቅቀዋል። በውሃ የቀጠነ ኮላም ፕራይመርን አይተካም፤ እርጥበት ሲያገኘው ተመልሶ ይለሰልሳል።

ጥፋቱን ሁሉ በሴራሚክ ሠራተኛው ማላከክ ግን ግፍ ነው። በካሬ የሚከፈለው ሰው «ልስኑ እስኪደርቅ ልጠብቅ» ቢል የቆመበትን ቀን ማን ይከፍለዋል?

ስለዚህ ፕራይመር በውሉ ላይ ራሱን ችሎ ዋጋ ይውጣለት። ተቆጣጣሪውም ግድግዳው ሳይሸፈን አይቶ ይፈርም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እዚህ ግን የሚያፈሰው ሌላ ነው፤ የሚለቅመው የቤቱ ባለቤት።