ጭቃው ይቆይ
ደብረ ኤልያስ ውስጥ የምርጊት ጭቃ ሲቦካ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውኃ ተለውሶ ይረገጣል፤ ይከርምና እንደገና ይረገጣል፤ ጭዱ በስብሶ ሲሸት ነው ለምርጊት ደረሰ የሚባለው። እንዲህ የከረመ ጭቃ የባሕር ዛፉን ግድግዳ አጥብቆ ይይዛል፣ ብዙም አይሰነጠቅም፣ የቀኑንም ሙቀት ለሌሊቱ ብርድ ቀስ እያለ ይለቃል። እሳት አልነካውም፤ ለብሎኬት ሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ ግን ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጋል አለበት። አሁን አቅም ያገኘ ሁሉ ዓይኑ ብሎኬት ላይ ነው። ምስጥና ዝናብ ያስመረረውን ሰው አልፈርድበትም። እኔ ግን ጭቃው ይቆይ ባይ ነኝ፦ የድንጋይ መሠረቱ ከፍ ይበል፣ የጣሪያው ጠርዝ ረዘም ብሎ ይውጣ፣ ከቆርቆሮውም ሥር ኮርኒስ ይግባ። ቀትር ላይ የሚያቃጥለን፣ ሌሊት የሚያንቀጠቅጠን ያ ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ምን አደረገ? ደግሞ ልጅ አድጎ ክፍል ሲያስፈልግ፣ ማገሩን ቆርጦ በር ማውጣት፣ በጎን ጓዳ መቀጠል ጎረቤት ተጠርቶ በደቦ የሚያልቅ ሥራ ነው። ብሎኬት ግንበኛና ሲሚንቶ ይጠይቃል፤ ገንዘቡም ከጤፉ ሽያጭ ላይ ነው የሚነሣው።