«ዶክተር ትሆናለህ» የሚል እንጂ «ለምን?» የሚል የለም

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ይጨናነቃል፣ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ ገጹ አልከፍት ብሎ ይዞራል፣ ይዞራል። ከዚያ ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ልጅ ስክሪንሾት ከግሩፕ ግሩፕ ይተላለፋል። ድሬዳዋ ከሆነ ከከዚራ ተነስቶ ሳቢያን ለመድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ልጁ ምን መማር እንደሚፈልግ አፉን ሳይከፍት አክስቱ «የኔ ዶክተር!» ብላ ትስመዋለች። ጎረቤት ደግሞ «አቦ፣ እንግዲህ የደም ግፊቴን የምትለካልኝ አንተ ነህ» ይላል። ልጁ ይስቃል። በዚያች ሳቅ ውስጥ የሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት ተወስነው ያድራሉ።

በዚህ ሁሉ ደስታ መሀል የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ሐኪም መሆን ለምን ፈለግክ? ለምን ፈለግሽ? ቤተሰብ አይጠይቅም፤ ውጤቱ ራሱ መልስ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት አይጠይቅም። የሚገርመው ግን አስተምሮ ሐኪም የሚያደርገው ዩኒቨርሲቲም በአብዛኛው አይጠይቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለመማር የሚፈልግ ተማሪ በመጀመሪያ ከ12ኛ ክፍል ፈተና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ከዚያ በተፈጥሮ ሳይንስ ተመድቦ የፍሬሽማን ኮርሶችን ይወስዳል፤ ቀጥሎ የትምህርት ክፍል ምርጫ ፎርም ይሞላል። ዝርዝሩ ከግቢ ግቢ ይለያያል። የሁሉም መሠረት ግን ቁጥር ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የፍሬሽማን ነጥብ ተደምሮ ስም ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፣ ቦታው እስኪሞላ ይወሰዳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ እሱም ቢሆን ሌላ ፈተና ነው እንጂ «እስቲ ቁጭ በልና እናውራ» አይደለም። ቃለ መጠይቅ የምታገኙት ይበልጡን በግል ሕክምና ኮሌጆች በኩል ነው። አንዳንዶቹ ከጽሑፍ ፈተና በተጨማሪ አመልካቹን ፊት ለፊት ያነጋግራሉ።

ነገሩ ትንሽ ያስቃል። «ለምን?» ተብሎ የሚጠየቀው በአብዛኛው ከራሱ ኪስ ከፍሎ የሚማረው ልጅ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚማረውን፣ ነገ ድል ጮራ ሆስፒታል ቆሞ የሚያክመንን፣ ማንም አይጠይቀውም።

በቁጥር መተማመኑ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ በሚወድቅበት አገር፣ ያለፈው ልጅ እንደ ተአምር ቢታይ አይገርምም። ተአምር ደግሞ ወደ ትልቁ ወንበር ይላካል፤ ትልቁ ወንበር በእኛ ቤት ሕክምና ነው። ከፍተኛ ነጥብ ይዞ «ሒሳብ ነው የምማረው» የሚል ልጅ ቤተሰቡን ያስለቅሳል። ውጤቱን ያባከነ ይመስላቸዋል።

ችግሩ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። የአናቶሚ ክፍሉ ሽታ አንድ ነገር ነው፤ ይለመዳል። ከበድ የሚለው ክሊኒካል ዓመቱ ነው። ዋርድ ውስጥ ቆመህ የአንዲት እናት ልጅ እንደማይድን ከእሷ በፊት ታውቃለህ፤ እሷ ደግሞ ዓይን ዓይንህን ታያለች። ከዚያ የኢንተርንነት ዓመት አለ፣ የሌሊት ዲዩቲ አለ፣ በመጨረሻም የሙያ ፈቃድ ፈተናው ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አልፎ ደግሞ ሥራው እንደ ድሮው ተዘጋጅቶ አይቆይም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተመርቀው ቅጥር የሚጠባበቁ ጠቅላላ ሐኪሞች አሉ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን በስልካችሁ ተከታትላችኋል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ይህን ሁሉ እያወቀ «አዎ፣ እኔ ይኼንኑ ነው የምፈልገው» የሚል ልጅ አለ፤ ሳያውቅ የገባም አለ። የፎርሙ ቁጥር ሁለቱን አይለይም።

ለድሬዳዋ ደግሞ ልዩነቱ ከሌላው ከተማ የባሰ ዋጋ አለው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ ትኩሳት እዚህ ተነሳ። ከ2011 ክረምት አንስቶ ወደ 2012 መግቢያ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጣለ፤ ያኔ መገጣጠሚያው ያልታመመ ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። በ2014 ደግሞ በደረቁ ወራት፣ ወባ ይመጣል ተብሎ በማይጠበቅበት ጊዜ፣ ወባ መጣ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን የተመዘገቡባት ከተማ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ መዘገበች። ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ነበር። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያጠኑ ያገኙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ከእስያ የመጣች ትንኝ ነው። እሷ እንደ ነባሮቹ የወባ ትንኞች የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም። በርሜልና ሮቶ ይበቃታል።

በርሜልና ሮቶ ደግሞ የሌለው የድሬ ቤት የለም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ሰዓት ካልተቀዳ የለም። ስለዚህ ሐኪሙ ወይም የጤና ባለሙያው ገንደ ቆሬ ሄዶ «እናቴ፣ በርሜሉን ይክደኑት፣ በየሳምንቱ ያጥቡት» ሲል፣ እሷ ውሃዋን እንድትደፋ የተጠየቀች ይመስላታል። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው የባዮሎጂ ነጥብ አይደለም። ቁጭ ብሎ መስማት ነው፤ ውሃው መቼ እንደሚመጣ መጠየቅ፣ ክዳን ከየት ሊገኝ እንደሚችል አብሮ ማሰብ ነው። ይህን የሚችል ልጅ ፈተናው ላይ ሁለተኛም ሃምሳኛም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አናውቅም፤ አልጠየቅነውማ።

ቋንቋውም አለ። ድል ጮራ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ተሰልፋችሁ ከሆነ ሰልፉ በአንድ ቋንቋ እንደማያወራ ሰምታችኋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ይቀያየራሉ፤ አንዱ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱንም ያመጣቸዋል። ከጎጃም ወይም ከወላይታ ተመድቦ የመጣ ተማሪ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ይችላል ተብሎ አይጠበቅም። እኔም ቋንቋ የመግቢያ መስፈርት ይሁን አልልም፤ ያ ነገ ዘር መለያ ወንፊት ይሆናል። ነገር ግን ቋንቋውን የማያውቀው ሰው ፊት ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንኑ ይደግማል? ወይስ አስተርጓሚ ፈልጎ፣ በእጁ አሳይቶ፣ ታግሶ ይግባባል? ይህ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ይታያል።

«ቃለ መጠይቅ» ሲባል ግን ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን አጨፍግጋችኋል፤ አልፈርድባችሁም። በዚህ አገር ሰው ለሰው ነጥብ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማንን ታውቃለህ?» ነው። ለሥራ ኢንተርቪው ሄዶ ሰውየው ቀድሞ እንደተመረጠ ከዘበኛው የሰማ ወጣት ጥቂት አይደለም። ፈተና ቢያንስ የአባትህን ስም አያውቅም። ዘመድ የሌለው፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ልጅ ቁጥሩን ይዞ ከሀብታም ልጅ ፊት መቆም የቻለው በዚህ ነው። ይህን መከላከያ አንስቶ ሦስት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አንድ ጭውውት መተካት ግፍ ነው።

በውጭ አገርም ቢሆን ተራ ቃለ መጠይቅ የሚታመን ነገር እንዳልሆነ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሂዩስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ወደ 800 አመልካቾችን አነጋግሮ በደረጃ ካስቀመጠና 150ዎቹን ከመረጠ በኋላ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት ተጨማሪ 50 ተማሪ እንዲቀበል አዘዘው። በዚያ ሰዓት ያልተያዙ የቀሩት ከዝርዝሩ ታች ያሉት ነበሩ፤ እነሱኑ ተቀበለ። ዓመታት አልፈው ሲመዘን፣ በቃለ መጠይቅ ከላይ በተቀመጡትና ከታች በተነሱት መካከል በትምህርትም በሥራም የረባ ልዩነት አልተገኘም። ያ ሁሉ ኮሚቴ፣ ያ ሁሉ ወንበር፣ ለምንም።

ስለዚህ ጥያቄው «እንጠይቅ ወይስ አንጠይቅ» ሳይሆን «እንዴት እንጠይቅ» ነው። ካናዳ የሚገኘው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጣው ዘዴ አለ። አንድ ረጅም ጭውውት በማድረግ ፈንታ አመልካቹ በተከታታይ ወደ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች ይገባል። በየክፍሉ አንድ ሁኔታ ወይም አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ የሚመዝነውም ሌላ ሰው ነው። ስምንት ደቂቃ ያህል ይቆይና ደወል ሲደወል ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። አንዱ መዛኝ ፊትህን ባይወደው አንድ ክፍል ታጣለህ እንጂ ሕይወትህን አታጣም። አንዱ አጎትህ ቢሆን እንኳ የሌሎቹን ነጥብ መቀየር አይችልም። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በዚህ መንገድ ያለፉት፣ በዚህ ወድቀው በሌላ ትምህርት ቤት ከገቡት ይልቅ በአገሪቱ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና የተሻለ ነጥብ አምጥተዋል። ዛሬ ብዙ አገሮች ይጠቀሙበታል።

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ይህን መሞከር ያቅተዋል? ሒሳቡን እንሥራው። የነጥብ መስፈርቱን አስቀድመው ያሟሉ 100 ተማሪዎች አሉ እንበል። ስምንት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ከነመሸጋገሪያው አሥር ደቂቃ። ስምንት ተማሪዎች በ80 ደቂቃ ይጨርሳሉ፤ መቶው በሦስት የሥራ ቀን ያልቃል። የሚያስፈልገው ስምንት መዛኝ፣ ስምንት ክፍልና አንድ ደወል ነው። መዛኞቹ የተማሪውን ስምና ነጥብ አይዩ፤ በቁጥር ይጥሩት። አንዷ ነርስ ትሁን፣ አንዱ የማኅበረሰብ ተወካይ ይሁን፤ ሁሉም ፕሮፌሰር መሆን የለባቸውም። ውጤቱም ፈተናውን አይተካ፤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ቢይዝ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት ምንም ሳይይዝ ተመዝግቦ ቢቀመጥና ከአራት ዓመት በኋላ ዋርድ ላይ ከታየው ጋር ቢመሳከርም እሰየው።

ለክፍሎቹ ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የበርሜሏ እናት አንድ ክፍል ናት። በአስተርጓሚ ብቻ የሚያናግሩት አዛውንት ሌላ ክፍል ናቸው። የፈተና ጥያቄ በቴሌግራም የላከልህ የቅርብ ጓደኛ ሦስተኛው ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በስርቆት ምክንያት እንደሆነ የማያውቅ አመልካች የለም። «ሐኪም ባትሆን ምን ትሆን ነበር?» አራተኛው ይሁን። እዚህ ላይ «ሌላ ምንም» ብሎ የሚፎክር ልጅ እኔን ብዙም አያሳምነኝም።

ይህ እስኪሆን ጠያቂ የላችሁም ማለት ነው፤ ራሳችሁን ጠይቁ። ቤተሰባችሁ ውስጥ ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱ፤ ከካርድ ክፍሉ ሰልፍ እስከ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ድረስ አብራችሁ ቁሙ፣ ስልኩን ኪስ ውስጥ ከትታችሁ። ማን ሰው እንደሚያዳምጥ፣ ማን ፊቱን እንደሚያዞር አስተውሉ። ከዚያ አንድ ኢንተርን ፈልጉ፤ ድሬ ትንሽ ናት፣ የሚያውቀው የማያውቅ ሰው የለም። «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሱ ይመጣል። ያለፈው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ጠይቁት፦ ስንት ሌሊት እንዳደረ፣ መጨረሻ ላይ ያናደደው ምን እንደነበር፣ በሚቀጥለው ቀን ምን ይዞት እንደተመለሰ። የሚነግራችሁን ስትሰሙ ልባችሁ ወደዚያ ከሄደ አንድ ነገር ነው። ስትሰሙት ሰዓት ካያችሁም አንድ ነገር ነው፤ ፋርማሲ አለ፣ ላቦራቶሪ አለ፣ የማኅበረሰብ ጤና አለ፣ ሒሳብም አለ።

ይህን ማድረግ ያለባችሁ ፎርሙ ከመለጠፉ በፊት ባለው ጊዜ ነው። «አንደኛ ምርጫ» የሚለው ሳጥን አንዴ ከተሞላ በኋላ ለማስቀየር የሬጅስትራር ቢሮ ደጅ መጥናት ይጀመራል፤ ወረፋው ደግሞ ከካርድ ክፍሉ አይተናነስም።