የማይከፍት ቁልፍ

አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ «ቅሬታ ማቅረቢያ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን በር ስትከፍቱ ከጀርባው ግድግዳ ብቻ ብታገኙ ምን ትላላችሁ? ድረ ገጽ ላይ ሲሆን ግን ይህንኑ ነገር «ኔትወርክ ይሆናል» ብለን እናልፈዋለን። «ቅጹን ያውርዱ»፣ «ያግኙን»፣ «ቅሬታ ያቅርቡ» የሚሉ ያማሩ ቁልፎች በየተቋሙ ገጽ ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ግን ላም አለኝ በሰማይ ናቸው።

በቅርቡ ለአንድ ዘገባ የአንድ ተቋም የቅሬታ ቅጽ አስፈልጎኝ ነበር። ቁልፉን ስጫነው ገጹ ወደ ላይ ተመልሶ ቆመ። ደግሜ ተጫንኩት፤ ያው ነው። ሊንኩን ኮፒ አድርጌ ሳየው መጨረሻው ላይ «#» የምትል ምልክት ብቻ ነበረች። ይህች ምልክት በብዙ ዝግጁ ቴምፕሌቶች ላይ አድራሻ እስኪገባ ድረስ ቦታ ይዛ የምትቆይ ናት። ብቻዋን ከቀረች የምትሠራው አንድ ነገር ነው፤ አንባቢውን ወደ ገጹ አናት መመለስ። ገጹ ተመርቋል፣ ቁልፉ ግን ወዴት እንደሚወስድ የወሰነ ሰው የለም።

ሁልጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «የባለሙያ እጥረት» ነው። ይህ ምክንያት ጊዜው አልፎበታል። ኮድ ሳይጽፉ እያዩ ገጽ መሥራት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ዎርድፕረስም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ባወጣው 5.0 ስሪቱ ገጽን በብሎክ እየደረደሩ ማዘጋጀትን መደበኛ አሠራሩ አድርጎታል። ቁልፉን መምረጥ፣ የሊንክ ምልክቷን መንካት፣ አድራሻውን መለጠፍ፣ ማስቀመጥ። በቃ! ቴሌግራም ላይ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ይህን ይችላል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ሰው ይህን ሲጫን ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ የቴክኒክ ጥያቄ አይደለም። መልሱን የሚያውቀው ቅሬታውን የሚቀበለው፣ ስልኩን የሚያነሳው፣ ቅጹ መቀየሩን የሚያውቀው ሠራተኛ ነው። ገጹን በኮንትራት የሠራው ድርጅት ግን ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል። የይለፍ ቃሉ አይቲ ክፍል፣ መረጃው ሕዝብ ግንኙነት፣ ባለጉዳዩ ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

«ሁሉም ከነካካው ይበላሻል» የሚል ስጋት አለ። ተገቢ ስጋት ነው፤ መፍትሔ ግን አለው። ዎርድፕረስን ብንወስድ «ኤዲተር» የሚባለው የሥራ ድርሻ የተሰጠው ሰው ገጾችን ማስተካከል ይችላል፤ የገጹን ዲዛይን መቀየርም ሆነ አዲስ ፕሮግራም መጫን ግን አይችልም። ስለዚህ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ሊንክ እንዲያስተካክል ለመፍቀድ የሙሉ ቤቱን ቁልፍ ማስረከብ አያስፈልግም።

ሲስተካከልም በወጉ ይሁን። ስልክ ቁጥር ሲነካ የሚደውል መሆን አለበት፤ ያውም በ+251 ተጀምሮ፣ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለ ወገን እንዲደውልበት። የሚወርድ ፋይል መጠኑ አጠገቡ ይጻፍ፤ ዳታ ገንዘብ ነው። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው ስምም ይቅር። ዓይነ ስውራን በሚጠቀሙበት የስክሪን ማንበቢያ ሊንኮቹን ብቻ ተራ በተራ የሚያዳምጥ ሰው «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» ከመስማት ሌላ ምን ያገኛል? «የፈቃድ ማደሻ ቅጽ» ይባልለት።

ሚዲያዎቻችንም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደሉም። «ሙሉ ዘገባውን ለማንበብ» ብሎ ወደ መነሻ ገጽ መውሰድ አንባቢን ማታለል ነው። «ይህን ተጭነው ነፃ ዳታ ይቀበሉ» የሚል የአጭበርባሪ ሊንክ በየግሩፑ በሚዞርበት ጊዜ፣ የሚታመን ተቋም ቁልፍ ያለውን ቦታ በትክክል መክፈት አለበት። ያለዚያ ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ይለያል?

ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ዝም ያለው ቁልፍ ላይ ተስፋ ቆርጦ ከገጠር የሚሳፈረው፣ ወይም ለደላላ የሚከፍለው ሰው ነው።

ስለዚህ ተቋማት አንድ ቀላል ነገር ያድርጉ፦ በወር አንድ ቀን፣ አንድ ሠራተኛ፣ በተራ ስልክና በሞባይል ዳታ ሁሉንም ቁልፍ ይጫን። የማይከፍተው ይስተካከል፤ ካልተቻለ ይነሣና በቦታው የሚያነሳ ሰው ያለበት ስልክ ቁጥር ይጻፍ። እናንተም የማይከፍት ቁልፍ ሲገጥማችሁ ስክሪንሾት አንሥታችሁ ለራሱ ለተቋሙ ላኩለት። ኔትወርክ ነው ብላችሁ አትለፉት።