ዊንዶውስ 10 ጡረታ ወጣ፤ የቡሬ ኮምፒውተሮችስ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ጉዳዩ የኮምፒውተር ወዳጆችን ለሁለት ከፍሎ ያከራክራል። አንዱ ወገን «መስፈርቱን ዘለን ዊንዶውስ 11 እንጭናለን» ይላል። ሌላው «ሊኑክስ ጭናችሁ ተገላገሉ» ባይ ነው።

ስለ ገዛ ላፕቶፑ ለሚጨነቅ ሰው ሁለቱም መልስ ይሆናሉ። ነገሩን ከቡሬ ሆኖ ለሚያየው ግን ክርክሩ ዋናውን ጥያቄ ስቷል። ቡሬ ሲባል የጎጃሟ ሳትሆን፣ ከመቱ በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የኢሉባቦሯ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚጨርሰው በራሱ ኮምፒውተር አይደለም። በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እኔ ምን ልጫን?» ሳይሆን «የሕዝብ መረጃ ያለበትን ማሽን ማን ይጠብቀው?» የሚለው ነው።

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት መሣሪያ ይጠይቃል። በኢንቴል በኩል ደግሞ በጥቅሉ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያገለገለ 4ኛ ወይም 6ኛ ጄኔሬሽን ገዝቶ ለሚሠራ ቢሮ በሩ ዝግ ነው።

አዲስ ይገዛ እንዳይባል፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለመሥሪያ ቤቶች ማሻሻያውን በክፍያ የሚቀጥለው በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር እያስከፈለ ነው፤ ዋጋውም በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። 20 ኮምፒውተር ላለው ቢሮ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ 1,220 ዶላር ማለት ነው።

«ድሮስ ማን አፕዴት ያደርግ ነበር?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። የኢንተርኔት ጥቅሉ እንዳያልቅበት አፕዴቱን የሚያጠፋ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ የሚጭን ጥቂት አይደለም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ እስከ ትናንት ቀዳዳውን መድፈን የፈለገ መድፈኛ ያገኝ ነበር። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን ሲያዳርስና የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ቀጠሮ ሲያሰርዝ፣ መድፈኛው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ በብዛት የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ዛሬ ክፍያውን ላልፈጸመ ቢሮ መድፈኛው ራሱ አይመጣም።

መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር አይደለም፤ መለየት ነው። ገንዘብና የግለሰብ መረጃ የሚያልፍባቸው፣ ከኢንተርኔት የማይነጠሉ ማሽኖች ቅድሚያ ያግኙ፤ ያለው በጀት እነሱ ላይ ይዋል። ፒችትሪ የሚሠራበት የሒሳብ ክፍልም ሊኑክስ ግባ ቢባል ሥራው ይቆማልና ዊንዶውስ ይቆይለት። ደብዳቤ መጻፊያ ብቻ የሆኑትና የትምህርት ቤት ማሠልጠኛዎች ግን ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ ይበቃቸዋል፤ ለሁለቱም ፈቃድ አይከፈልም። እንዲያውም የወረዳው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ፣ ለአማርኛ ጸሐፊዎች እንቅፋት የሚሆነው የፓወር ግዕዝ ልማድ እዚያ ብዙም አያስቸግርም። ከፎርማት በፊት ግን ፋይሉ ይገልበጥ፤ ሠራተኛውም ይሠልጥን። ይህ ከተዘለለ ሊኑክሱ በሳምንቱ ጠፍቶ ክራኩ ይመለሳል።

ሥራውን የሚሠራ ሰውም ሩቅ አይደለም። መቱ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ነው። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ በልምምድ ጊዜያቸው የቡሬን ቢሮዎች ማሽን ቢቆጥሩ፣ ቢለዩና ቢጭኑ ተማሪውም ይማራል፣ ከተማዋም ትድናለች። ወረዳው ደግሞ ኃላፊነቱን ለአንድ ባለሙያ በስም መስጠት አለበት፤ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንምና።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዘመቻ ጀምራለች። ለሥልጠና ቁጥር የተሰጠው ትኩረት ጥቂቱ ለጥበቃም ይድረሰው። የቡሬ ነዋሪ ፋይሉ የጠፋው በቫይረስ ይሁን በቸልተኝነት ግድ አይሰጠውም፤ ለእሱ «ሲስተም የለም፣ ነገ ና» ማለት ያው ነው።